ሦስት ፖስታ ይዤ ወደ ባቲ

ማክሰኞ፣ ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ሲና

ጥቅምት በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከአዲስ አበባ ተነሣሁ። ሻንጣዬ ውስጥ ሁለት ሸሚዝ፣ አንድ ሹራብ፣ ቀይ እርሳስ፣ ይህ ማስታወሻ የተጻፈበት ደብተርና ሦስት ፖስታ ነበር። ሸሚዞቹን አጣጥፋ ያስገባችልኝ ባለቤቴ አስካለ ናት። ፖስታዎቹን ከሹራቡ ሥር የሸሸግሁት እኔ ነኝ። አስካለ የምታውቀው ለማተሚያ ቤቱ ጉዳይ ደሴ ድረስ እንደምሄድ ነው። ማተሚያ ቤቱ ግን አልላከኝም፤ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ በራሴ ፍላጎት ነው የወጣሁት። ጉዞው በውሸት መጀመሩን አንባቢ ከወዲሁ ቢያውቅልኝ እወዳለሁ።

በአንድ ማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ። ሥራዬ የሰው ስሕተት መልቀም ነው። ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ጽሑፍ ላይ ቀይ እርሳስ ይዤ እቀመጣለሁ፤ አስካለ እንደምትለው ቤት ስገባም እርሳሱን አላስቀምጠውም። ወጡ ጨው በዛበት፣ በሩ በደንብ አልተዘጋም፣ ጎረቤቱ ሬዲዮ አስጮኸ ስል ይመሻል። ከዓመት ከሁለት ወር ወዲህ ደግሞ የባስኩ ነገረኛ ሆኛለሁ። አንዲት ልጅ ነበረችን፤ ሰናይት ትባላለች፣ ሰባት ዓመቷ ነበር። የሳንባ ምች ይዟት ሆስፒታል በተኛች በአምስተኛው ቀን የታዘዘላትን መድኃኒት ልገዛ ወደ ከተማ ሮጥኩ። ስጣደፍ መነጽሬን ረስቼ ኖሮ፣ መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ሐኪሙ የጻፈውን ማንበብ አቅቶኝ ቆምኩ። ስመለስ ሰናይት አርፋለች፤ አስካለ መነጽሬን በእጇ ይዛ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር። እሷም ምንም አላለችኝ፣ እኔም አልጠየቅኋት። ከዚያ ቀን ወዲህ የልጃችንን ስም በቤታችን ውስጥ ጠርተን አናውቅም።

ውስጤን የሚበላኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ ልጄ ስትሄድ ፈልጋኝ ነበር ወይ? የንስሐ አባቴ ልጅቱ በአምላክ እጅ እንደሆነች ነግረው አጽናኑኝ። አምናለሁ። ጥያቄው ግን አለቀቀኝም። በዚህ መሀል ነው ወደ ማተሚያ ቤታችን ከሚመጡት የእንግሊዝኛ መጽሔቶች የኋላ ገጽ ላይ ማስታወቂያዎቹን ያየሁት። የነፍስን ስውር ጥበብ በፖስታ የሚያስተምሩ የምዕራብ አገር ትምህርት ቤቶች ነበሩ። ለሦስቱ ጻፍኩ፤ ሦስቱም መለሱልኝ። ደመወዜ የሚችለው ግን አንዱን ብቻ ስለሆነ መምረጥ ግድ ሆነ።

ሰማያዊው ፖስታ ከአሜሪካ የመጣ ነው። ወረቀቱ ልስልስ፣ ማኅተሙ የወርቅ ቀለም ያለው ነው። ዐሥራ ሁለት ደረጃ አለው፤ ሰባተኛው ላይ የደረሰ ተማሪ የሞቱ ወገኖቹን አግኝቶ ያነጋግራል ይላል። ለመግባት ቃለ መሐላ መፈረም ያስፈልጋል፤ ስለ ትምህርቱ ለማንም፣ ለትዳር ጓደኛም ቢሆን፣ ትንፍሽ ማለት አይፈቀድም። በሩ በኅዳር መጨረሻ ይዘጋል፣ ከተዘጋ ደግሞ ለሰባት ዓመት አይከፈትም። ቢጫው የመጣው ከፈረንሳይ ሲሆን፣ ጥበቡን ያገኘሁት በኢትዮጵያ ተራሮች ከተሸሸጉ ሊቃውንት ነው ይላል። የአንዱን ሊቅ ሥዕል ልኮልኛል፤ ጥምጣም ጠምጥሞ ረጅም ፒፓ የሚያጨስ ሽማግሌ ነው። በሕይወቴ ብዙ ሊቃውንት አይቻለሁ፣ ፒፓ የያዘ ግን አልገጠመኝም። ደግሞስ ከአገሬ ወጣ የተባለውን ጥበብ ከፈረንሳይ የምገዛው ለምንድን ነው?

ቡናማው ከእንግሊዝ ነው። ርካሽ ወረቀት፣ ያረጀ የጽሕፈት መኪና፣ በሁለት ገጽ ውስጥ አራት የፊደል ግድፈት። አራቱንም በቀይ እርሳስ አርሜ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። የሚለውን ነገር ልብ ብዬ አላነበብኩትም።

ልቤ ወደ ሰማያዊው ያደላው በአብሮ አደጌ በታደሰ ምክንያት ነው። ታደሰ ባቲ ውስጥ ድሬሰር ነው፤ ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ይወጋል። በሰማያዊው ትምህርት ቤት ሦስት ዓመት ተምሮ ሰባተኛውን ደረጃ አልፏል። መሐላው አንድ ሰው ብቻ መጋበዝ ስለሚፈቅድለት እኔን መረጠ። በግንቦት በጻፈልኝ ደብዳቤ ላይ፣ ከሞቱ ስድስት ዓመት የሆናቸውን አባቱን፣ “አገኘኋቸው፤ አነጋገሩኝም” ይላል። እንግዲህ ይህን ከአፉ ሰምቼ ልወስን ነው የወጣሁት። እውነት ከሆነ መሐላውን እፈርማለሁ፤ አስካለንም ዕድሜ ልኬን እደብቃታለሁ።

ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አንድ ብርጭቆ ሻይና ሁለት ዳቦ በሃያ ሳንቲም ቀማመስኩ። የጣርማ በርን ዋሻ ስናልፍ ተሳፋሪው ሁሉ ባንድ ጊዜ ዝም አለ፤ ማዶ ስንወጣ ደግሞ ሁሉም ባንድ ጊዜ ማውራት ጀመረ። ደብረ ሲና በአላድ፣ በሃምሳ ሳንቲም ማለት ነው፣ አልጋ ይዤ አደርኩ። ትኋኑን ከሒሳቡ ውስጥ አላስገቡብኝም።

ረቡዕ፣ የጨፋ ሜዳ

ከደብረ ሲና ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወረድ ሹራብ ይወልቃል፣ ከዚያ ኮት፣ ከዚያ ክራቫት። ካራቆሬን ካለፍን በኋላ የጨፋ ሜዳ ተዘረጋ። ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ ራሱን ደፍቷል፤ ከማዶ ረግረጉ ላይ ከብቱ እስከ ጉልበቱ ሣር ውስጥ ገብቶ ይግጣል። አዲስ አበባ ተቀምጬ ወሎን በረሃ አድርጌ አስብ ስለነበር አፈርኩ።

አምስት ሰዓት ላይ ከሥራችን አንድ ነገር ቋ ብሎ አውቶቡሱ ወደ ግራ ተንጋደደ። ባሌስትራው፣ ጎማውን ደግፎ የሚይዘው ብረት፣ ተሰብሮ ኖሯል። ሾፌሩ ወርዶ አየና፣ ሌላ ባሌስትራ ከኮምቦልቻ እስኪመጣ ከሁለት ቀን እንደማያንስ ነገረን። እኔ እንደ ልማዴ የማን ጥፋት እንደሆነ ለመመርመር አፌን ስከፍት ሾፌሩ፣ “ጌታዬ፣ ድንጋዩን ይክሰሱት” አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። መንገዱ ጨፋ ሮቢት ገበያ በሚሄድ ሰው ተሞልቶ ስለነበር እኔም ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ተከተልኩ።

ገበያው ውስጥ ጤፍ፣ ማሽላ፣ በርበሬ፣ በሬና ፍየል ተቀላቅሏል። ሰው በኦሮምኛ ይጀምርና በአማርኛ ይጨርሳል፤ ለላም በኦሮምኛ ይከራከራል፣ ዋጋ ሲቆርጥ በአማርኛ ይምላል። ቀኑ የጾም ስለነበር ወተቱን አልፌ በአሥር ሳንቲም አንድ እቅፍ ጥንቅሽ ገዛሁ። ዋርካ ጥላ ሥር ተቀምጬ እየላጥኩ ስመጥ፣ ሰማያዊውን ፖስታ አወጣሁና ለመቶኛ ጊዜ ማንበብ ጀመርኩ።

“አካም! ነጋ?” አለኝ አንድ ድምፅ፣ በኦሮምኛ። ቀና ስል ነጭ ቆብ ያደረጉ፣ ጢማቸው በሒና የቀላ ሽማግሌ ሁለት በሬ እየነዱ ቆመዋል። አለመረዳቴን አይተው ወደ አማርኛ ዞሩ። “ኸየት ነው የመጣኸው፣ ልጄ? ኸሸገር ነው? አብሽር፣ መኪና ሁልጊዜ ይሰበራል። ኸሚሴ ድረስ በጭነት መኪና አብረን እንሄዳለን።”

አያ ይማም ይባላሉ፤ የከሚሴ ከብት ነጋዴ ናቸው። በሬዎቹን ሸጠው አሥር ሰዓት ላይ ጤፍ የጫነ መኪና ላይ አብረን ወጣን። ከሚሴ ስንደርስ ሆቴል አልጋ ልይዝ ብል አልሰማ አሉኝ። “እንግዳ ሆቴል ያድራል? ሰው ምን ይለኛል?” ብለው ሻንጣዬን ነጠቁኝ።

ሐሙስ፣ ከሚሴ

ከሚሴ መንገዱን ይዞ የተሠራ ከተማ ነው። ግራና ቀኝ ሱቅ፣ ሻይ ቤት፣ ልብስ ሰፊ፣ በር ላይ የተደረደረ ጆንያ። ከተማውን ዞሮ ለማየት ግማሽ ሰዓት በቃኝ። ከዚያ ወደ አያ ይማም ግቢ ስመለስ ምሳ ቀረበ። የማሽላ እንጀራ፣ የሽምብራ ወጥና ሰፊ ዋንጫ እርጎ ነበር። ሥጋ አለመኖሩን ልብ ማለቴን አይተው ፈገግ አሉ። “በሬ ማረድ አቅቶኝ አይደለም። የእናንተና የእኛ ቢላ አንድ አይደለም ብዬ ነው። እርጎው ግን ላሟን እንጂ ሃይማኖት አያውቅም፤ ጠጣ።”

ጠጣሁ። ስጠጣ ደግሞ ያልጠበቅሁት ነገር ሆነ፤ ለማላውቃቸው ሰው ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰናይትን፣ መነጽሩን፣ ሦስቱን ፖስታ፣ ለአስካለ የዋሸሁትን። ሲሰሙኝ አንድ ጊዜም አላቋረጡኝም። ስጨርስ፣ “አላህ ጀነት ያግባልህ” አሉ። ከዚያ የጠየቁኝ ግን ስለ ልጄ አልነበረም።

“በፖስታ ነው የምትቀራው? ሼኹን ሳታየው?”

“አላየውም። ባሕር ማዶ ነው።”

“ደረሶቹንስ?” ተማሪዎቹን ማለታቸው ነው።

“አንዱ ባቲ አለ። ወደ እሱ ነው የምሄደው።”

“እንዲያ ከሆነ መንገድህ ደህና ነው።” ተመቻችተው ተቀመጡ። “እኔ ልጅ ሳለሁ ደረሳ ነበርኩ። እኛ አገር ደረሳ ኪታቡን በአኮፋዳ አንጠልጥሎ፣ ኸመንደር መንደር እየለመነ፣ ሼኽ ፍለጋ ይዞራል። አንድ ጊዜ የሁለት ሼኾች ወሬ ሰማሁ። አንደኛው በሩቁ ሰው የሚያስበውን ያውቃል ይባላል። ሁለተኛው ምንም አይባልለትም። ሼኽን የሚያሳብቅበት ነገር አለ፤ የሁለቱም ደረሶች ውሃ የሚቀዱበት ምንጭ። ሄድኩና ምንጩ ዳር ቁጭ አልኩ። የመጀመሪያው ሼኽ ደረሶች እንስራቸውን ሞልተው ይሄዳሉ፤ አንዱ ታሞ ጎጆው ተኝቷል፣ ለሱ የሚቀዳለት የለም። ሁሉም ስለ ሼኹ ተአምር ያወራል። የሁለተኛው ደረሶች ግን የታመመውን እንስራ ኸራሳቸው በፊት ይሞላሉ። ወላሂ፣ ሼኹን ሳላየው እዚያው ገባሁ። ዘጠኝ ዓመት ቀራሁ።”

“የመጀመሪያው ሼኽ ሐሰተኛ ነበር ማለት ነው?” አልኩ፤ ስሕተት የማግኘት አመሌ ተነሥቶብኝ።

“እኔ ምን አውቄ? አላህ ነው የሚያውቀው። እኔ ያየሁት ምንጩን ነው።”

ይህን በደብተሬ ስጽፍ በትዕግሥት ጠበቁኝ። ሲነጋ አርብ ነበር፤ አያ ይማም ወደ ጁምዓ ሲሄዱ እኔ ተጠግኖ ወደመጣው አውቶቡስ ሄድኩ። ስንለያይ ግንባሬ ላይ እጃቸውን ጭነው ዱዓ አደረጉልኝ። እኔም በልቤ “አሜን” አልኩ።

ቅዳሜና እሑድ፣ ባቲ

ኮምቦልቻ አድሬ ቅዳሜ ጨው ሊጭን በሚወርድ መኪና በሁለት ብር ባቲ ገባሁ። መንገዱ ተራራውን እየዞረ ቁልቁል ይወርዳል፤ በየመጠምጠሚያው አንድ ልብስ የሚያስወልቅ ሙቀት ይጨመራል። ባቲ ስደርስ የሚወልቅ አልነበረኝም።

ታደሰ በር ላይ አቅፎ ሳመኝ። ከስቷል። ዱሮ ቀልደኛ ነበር፤ አሁን ሳያናግሩት አይናገርም። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። የውስጠኛው መስኮት በወፍራም ሰማያዊ ጨርቅ ተሸፍኗል፤ መሐል ላይ አንድ ወንበር ብቻ አለ። “እዚህ ነው የምቀመጠው” አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ጎረቤቱ፣ እትዬ ሸዋዬ የሚባሉ እንጀራ ሻጭ፣ ታደሰ ሳይሰማ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ “ወንድሜ፣ ስለመጣህ እግዜር ይስጥህ። ድሮ ከልጆቼ ጋር አብሮ ነበር የሚበላው፤ አሁን በሩን ዘግቶ ይቀመጣል” አሉኝ። የአያ ይማም ምንጭ ትዝ አለኝ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ስለ አባቱ ጠየቅሁት። “መሐላ አለብኝ” አለ። “ለኔ ጽፈህልኝ የለም እንዴ?” ብዬ ተቆጣሁ፤ ድምፄ ከፍ አለ። “ፈርም፣ ከዚያ ሁሉንም ታውቃለህ” አለና ዓይኑን ወደ ግድግዳው አዞረ። የሰማያዊውን የመሐላ ቅጽ አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። እርሳሱን አንሥቼ ስሜን እስከ ግማሽ ጻፍኩ። አስካለ ሸሚዜን ስታጥፍ ትዝ ብላኝ ይሁን እንጃ፣ እጄ ቆመ። “ነገ እጨርሰዋለሁ” አልኩት።

ሰኞ፣ የባቲ ገበያ

የባቲን ገበያ ያላየ ሰው ገበያ አይቻለሁ ማለት የለበትም። ከበረሃው በኩል አፋሮች ግመልና ፍየል እየነዱ፣ አሞሌ ጨው ጭነው ይመጣሉ፤ ከደጋው በኩል ገበሬው እህል፣ ማር፣ ሸማ ይዞ ይወርዳል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሁለቱ ወገን በአንድ ሜዳ ተገናኝቶ መሬቱ አይታይም።

ታደሰ አንድ ሰው ፈልጎ ይዞኝ ገባ። ሰውየው ሑመድ ይባላል፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ወገቡ ላይ ጊሌ የሚሉትን ጩቤ የታጠቀ የአፋር አርብቶ አደር ነው። ዓምና እግሩ ቆስሎ ሊቆረጥ ሲል ታደሰ ሁለት ወር ሙሉ እያጠበ አድኖለታል፤ ከዚያ ወዲህ ወንድሜ ይለዋል። ከግመሎቹ ጎን ቁጢጥ ብለን ተቀመጥን። ሑመድ የታደሰን እጅ ይዞ ሳመ፣ ታደሰም የእሱን። ከዚያ የጠበቅሁት ጨዋታ አልመጣም። ሑመድ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ በገበያ በለመደው አማርኛ፣ ቀስ እያለ መናገር ጀመረ።

“ከመጣሁበት እስከዚህ ዝናብ የለም። ይህን አየሁ። ሁለት ጉድጓድ ደርቋል። ይህን አየሁ። የአጎቴ ልጅ ሦስት ግመል ጠፋበት፤ እሱ ራሱ ነገረኝ። ሚሌ በኩል ሣር አለ ይባላል። የነገረኝ ሰው አላየም፤ እሱም ሰምቶ ነው። አልሄድኩም።”

ታደሰ በየመሐሉ “እሺ፣ እሺ” ይላል። ይህ ዳጉ ነው፤ አፋር ከአፋር ሲገናኝ፣ ወይም ወንድም ካደረገው ሰው ጋር፣ ከማናቸውም ነገር በፊት የሚለዋወጠው ወሬ ነው። ወሬ ስል የኛ ቢሮ ወሬ እንዳይመስላችሁ። በዳጉ የተነገረ ነገር ከተናጋሪው ስም ጋር ከሰው ወደ ሰው ይሄዳል፤ ሣር አለ የተባለበት ሣር ከሌለ ከብትም ሰውም ያልቃል። ስለዚህ ያየ አየሁ ይላል፣ የሰማ ከማን እንደሰማ ይናገራል።

“አንተስ?” አለ ሑመድ፣ ወደ ታደሰ ዞሮ።

ታደሰ ስለ ክሊኒኩ፣ ስለ መድኃኒት መምጣት፣ ስለ እኔ መምጣት ተናገረ። እኔ ግን አላስቻለኝም። ሌሊቱን ሙሉ ያን ግማሽ ስም ሳስብ ነበርና፣ “ዋናውን ለምን አትነግረውም? የሞቱትን አባትህን አግኝተህ አነጋግረሃል!” አልኩ። ከአፌ ሲወጣ አፈርኩ። የጓደኛዬን መሐላ በገበያ መሐል መዘክዘኬ ነው።

ሑመድ አልሳቀም፣ አልደነገጠምም። ነገሩን እንደ ሌላው ወሬ ሁሉ ተቀበለው። “አየኸው?” አለው።

ታደሰ የነጠላውን ጫፍ ያፍተለትል ጀመር።

“ምን ለብሶ ነበር? ምን አለህ? ማን አብሮህ ነበር?”

ግመሎቹ ያመነዥካሉ። አንድ ጨው ሻጭ ከኋላችን ዋጋ ይጣራል። ታደሰ የሑመድን ፊት አየ፤ ቀጥሎ እኔን አየኝ፣ ከመጣሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።

“አላየኋቸውም” አለ። “ምንም አላየሁም። ሦስት ወር ጨለማ ክፍል ተቀምጬ ጠበቅኋቸው፤ አልመጡም። ስምንተኛው ትምህርት የሚላከው ‘አየሁ’ ብሎ ለፈረመ ብቻ ነው። ያልፈረመ ከመጀመሪያው ደረጃ ይጀምራል። ሌሎቹ ሁሉ አይተው እኔ ብቻ የቀረሁ መሰለኝ። ፈረምኩ። ከፈረምኩ በኋላ ለአንተም ጻፍኩልህ። ብዙ ጊዜ ስጽፈው ያየኋቸው መሰለኝ።”

“ለምን አሁን ነገርከን?” አልኩት። ልቆጣ አስቤ ነበር፤ አልቻልኩም።

“ይህ ሰው ማታ ለሚያገኘው ሁሉ በስሜ ይናገረዋል። ለሑመድ መዋሸት አልችልም።”

ሑመድ የታደሰን እጅ እንደገና ይዞ ሳመው። “አሁን ዳጉህ ደህና ነው” አለ። ታደሰ ፊቱን በነጠላው ሸፍኖ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ ሰኞ ገበያ መሐል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሁለት የተማሩ ሰዎች። የልጄን ቃል ይዞልኝ ይመጣል ያልኩት በር ባዶ ክፍል ኖሯል። አዘንኩ፤ ደግሞም ቀለል አለኝ።

ሑመድ ከአንዲት ግመል አልቦ በእንጨት ጮጮ ወተት ሰጠን። ትኩስና ጨው ጨው የሚል ነው። ከሰዓት በኋላ ታደሰ ሰማያዊውን ጨርቅ ከመስኮቱ አወረደ፤ ለእትዬ ሸዋዬ የእንጀራ መሸፈኛ ያድርጉት ብሎ ሰጣቸው። ምሳችንን ከልጆቻቸው ጋር በላን። ስለ አባቱም አወራኝ፤ አወራኝ ስል በሕይወት ሳሉ ያያቸውን ነው። ክራር ይወዱ እንደነበርና አንድ ዘፈን እንኳ በደንብ እንደማይችሉ። እስኪያመን ሳቅን።

ከማክሰኞ እስከ አርብ፣ መልስ

ስመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ቡናማውን ፖስታ አወጣሁ። በዚህ ጊዜ ቀይ እርሳሱን ሻንጣ ውስጥ ተውኩት። ጽሑፉ እንዲህ የሚል ሐሳብ አለው። የምናስተምረው ትንሽ ነው። ማታ ከመተኛትህ በፊት የዋልክበትን ቀን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ተመልሰህ እይ፤ ያደረግከውን ልክ እንዳደረግከው፣ ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ። በሃይማኖትህ ጽና፤ ከእሷ የሚያጣላህ ነገር ካገኘህብን ተወን። መሐላ የለንም፤ የተማርከውን ለምትወዳቸው ንገር። በዓመት ውስጥ አብረውህ ለሚኖሩት የተሻልክ ሰው ካልሆንክ ትምህርቱ ላንተ አልሆነምና ገንዘብህን አታባክን። አራት የፊደል ግድፈት ሳድን ይህን ሁሉ አልፌው ነበር።

ከሚሴ ላይ አውቶቡሱ ለምሳ ሲቆም አያ ይማም ዘንድ ሮጥኩ። የሆነውን በአጭሩ ነገርኳቸው። “ምንጩን አየኸዋ!” አሉ፣ ጢማቸውን እየዳሰሱ። “እንግሊዛዊውን ሼኽ ሰላም በልልኝ።” አንድ እቅፍ ጥንቅሽ ለአስካለ ብለው አሸከሙኝ። ጣርማ በር ላይ ግማሽ ስሜ ያለበትን የሰማያዊውን ቅጽ ቀድጄ በመስኮት ለቀቅሁት፤ ከኋላዬ የተቀመጠው ሰው፣ “ቆሻሻ አትበትን” ብሎ ተቆጣኝ። ልክ ነበረ።

አርብ፣ ቤት

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤት ደረስኩ። አስካለ ግቢ ውስጥ ልብስ ታሰጣለች። ጥንቅሹን አየች፣ ፊቴን አየች። “ከደሴ ነው ይሄ?” አለች።

“ደሴ አልሄድኩም” አልኳት። “ዋሽቼሻለሁ። ቁጭ በይ፣ ያየሁትን ልንገርሽ።”

ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ያየሁትን አየሁ፣ የሰማሁትን ከማን እንደሰማሁ እየለየሁ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። ሦስቱን ፖስታ ጉልበቷ ላይ አስቀመጥኩ። ለምን እንደሄድኩም ነገርኳት፤ ሰናይት ፈልጋኝ እንደሆነ ማወቅ ፈልጌ እንደነበር። በቤታችን ስሟን ከጠራሁ ዓመት ከሁለት ወር ሆኖኝ ነበር። አስካለ አልተቆጣችም። በእጇ የያዘችውን እርጥብ ልብስ ጨመቀች።

“ለዚህ ነው ባቲ ድረስ የሄድከው?” አለች። “እኔ እኮ ነበርኩ። አጠገቧ ነበርኩ። ትጠይቀኛለህ ብዬ ስጠብቅ ነው የኖርኩት። የጠላኸኝ ነው የመሰለኝ፤ እኔ ስላለሁና አንተ ስላልነበርክ።”

“ምን አየሽ?” አልኳት።

“አንተ ስትወጣ ዓይኗን ገለጠች። ወንበሩ ላይ መነጽርህን አየችው። ‘እማዬ፣ አባባ መነጽሩን ረስቶ ሄደ፤ አሁን መንገዱ ይጠፋዋል’ አለችኝ። ሳቀች። ‘ያዢለት’ አለች። ያዝኩልህ። እየሳቀች እንቅልፍ ወሰዳት፤ ከዚያ አልነቃችም። በዓይኔ ያየሁት፣ በጆሮዬ የሰማሁት ይህ ነው።”

መነጽሬን አወለቅሁ። ከዚያ በኋላ ምን ያህል ሰዓት እንደተቀመጥን አላውቅም። ልብሱ እዚያው እጇ ላይ ደረቀ። የነፍስን ስውር ጥበብ ፍለጋ ባሕር ማዶ ስጽፍ፣ የልጄ ቃል በየቀኑ ምሳ ስታቀርብልኝ ከነበረች ሴት ዘንድ ተቀምጦ ይጠብቀኝ ነበር። ጥፋቱን የምጥልበት ሰው ፈለግሁና ከራሴ በቀር አጣሁ፤ የሚገርመው፣ ያን ያህል አልከበደኝም።

ከመምሸቱ በፊት የቡናማውን ትምህርት ቤት ቅጽ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። የተማሪው ስም በሚለው መሥመር ላይ ስሜን ጻፍኩ። አስካለ ከትከሻዬ በላይ ሆና አየችው።

“መሥመሩ ላይ ቦታ ተርፏል” አለች። “የኔንም ጻፈው። በአንድ ክፍያ ሁለት ሰው ያስተምሩ እንደሆነ ደግሞ ጠይቅልኝ።”

ጻፍኩት። መልሱ ገና አልመጣም። እኛ ግን በዚያው ቀን ማታ ጀምረናል፤ ቀኑን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እያየን፣ መጀመሪያ እሷ፣ ቀጥሎ እኔ፣ ሰናይትንም በስሟ እየጠራን።